የአብራሪ ቢላ በጣና ዳር፦ ሲገዙ የሚታይ፣ ሲያስቀምጡ የሚጠበቅ

አሮጌ የወታደር ዕቃ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ባለ 5 ኢንቹን የአሜሪካ አብራሪዎች ቢላ የሚያህል መነሻ የለም። ዕድሜውን በራሱ ላይ ጽፎ የሚዞር ዕቃ ነው። ከ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የሠሪው ስም፣ ወሩና ዓመቱ በእጀታቸው ጫፍ ላይ ታትሞባቸዋል። ሻጩ የፈለገውን ታሪክ ቢያወራ ብረቱ የራሱን ይናገራል። ለሥራ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጣና ላይ ዓሣ ለሚያወጣ ወይም ደንገል ለሚያጭድ ሰው ይህ ቢላ መካከለኛ እንጂ ምርጥ አይደለም፤ ወፍራም ነው፣ ይዝጋል፣ ጀርባው ላይ ያለው መጋዝም ወይራ አይቆርጥም። ስለዚህ ፍርዱ ከመጀመሪያው ይነገር፦ ለስብስብ ይግዙት፤ ለሥራ የኛ ቀጥቃጭ ከባሊስትራ የሚሠራው ቢላ ይበልጠዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች «በእኛ» ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በገበያ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቢላው በ1950ዎቹ ሲታሰብ ለጄት አብራሪዎች ነበር። አውሮፕላኑ ወድቆ ሰውየው ጫካ ወይም በረሃ ላይ ሲቀር አብሮት የሚቀር መሣሪያ ነው። የጀርባው ጥርስ የታሰበው ለእንጨት ሳይሆን የአውሮፕላኑን ስስ የአሉሚኒየም ገላና የመስኮቱን ፕላስቲክ ቀዶ ለመውጣት ነው። የእጀታው ጫፍ ስድስት ጎን ያለው ወፍራም ብረት ነው፤ እንደ መዶሻ ይመታበታል። እዚህ «ቆብ» እንለዋለን። በእጀታውና በስለቱ መካከል ያለው የጣት መከለያ ላይና ታች ቀዳዳ አለው፤ ቢላውን በገመድ እንጨት ላይ አስሮ ጦር ለማድረግ ታስቦ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ያወጣው በሚሺጋን ግዛት ግላድስተን ከተማ የነበረው ማርብልስ የተባለ ፋብሪካ ነው። እነዚያ ባለ 6 ኢንች ናቸው፤ ቆባቸውም እንደ ብሎን ተሽከርክሮ የሚገባ ነው። ቀጥሎ በኒውዮርክ ግዛት የነበረው ካሚለስ ያዘው፤ እሱም በ6 ኢንች ጀምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 5 ኢንች አሳጠረው። በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የነበረው ሚልፓርም ጥቂት ሠርቷል። ረጅሙን ዘመን የሠራው ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት ፍራንክሊንቪል የነበረው ኦንታሪዮ የተባለው ፋብሪካ ነው። ካሚለስ በ2007 ተዘጋ። ኦንታሪዮም በ2023 ተሸጠ። ሰሪዎቹ ሲጠፉ የቀሩት ቢላዎች ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም፤ የሐሰት ቅጂውም አብሮ ይበዛል።

ማስመሪያ ከኪስ ይውጣ

ሻጭ አፉን ሳይከፍት ርዝመቱን ይለኩ። ከጣት መከለያው ፊት እስከ ሹሉ ጫፍ 12.7 ሴንቲሜትር ከሆነ ባለ 5 ኢንቹ ነው፤ 15.2 ከሆነ ቀደምቱ ባለ 6 ኢንች ነው። ባለ 5 ኢንቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ 24 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ቢጎድል ሲሳል የሄደ ነው፤ ችግር የለውም። ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከጎደለ ግን ሹሉ ተሰብሮ በሞረድ ወይም በግራይንደር እንደገና የወጣ መሆኑን ይጠርጥሩ። ይህን ለማወቅ ከጀርባው ወደ ጫፍ የሚወርደውን መስመር ይመልከቱ። የፋብሪካው ገባ ያለ፣ እንደ ማጭድ ሆድ ለስላሳ ነው፤ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው። በእጅ የወጣው ቀጥ ይላል ወይም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ብረትም ከሌላው ይልቅ ያበራል።

ውፍረቱ በካሊፐር ሲለካ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር መካከል ይወድቃል። ባለ 5 ኢንቹ በሁለቱም ጎን በረጅሙ የሚሄድ ጎድጓዳ መስመር አለው። ጥርሶቹን በጣት ጥፍር ይዳስሷቸው፦ የፋብሪካው እኩል፣ ጥልቅና ጥግ ያላቸው ናቸው። በርካሽ ቅጂዎች ላይ ጥርሱ ለይስሙላ የተጫረ ይመስላል፣ ጥፍርም አይይዝም።

ማኅተሙ

ባለ 6 ኢንቾቹና የመጀመሪያዎቹ ባለ 5 ኢንቾች የሠሪያቸው ስም ያለው ከጣት መከለያው አጠገብ ስለት በማይደርስበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው፤ ዓመት የለባቸውም። ካሚለስ በ1967 አካባቢ ማኅተሙን ወደ ቆቡ አወረደው። ከዚያ ወዲህ በቆቡ ላይ የሠሪው ስም፣ ከሥሩ ወር፣ ሰረዝ፣ ዓመት ይነበባል። ኦንታሪዮም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። እንግዲህ ስሙ ብረቱ ላይ፣ ዓመቱ ደግሞ ቆቡ ላይ የሆነ ቢላ ቢያጋጥም ከሁለት ቢላ የተገጣጠመ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አሮጌ ብረት ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ቆቡን አገላብጦ «አያ፣ ይቺ እኮ የደርግ ጊዜ ናት፤ ይኸው 1974 ይላል» ቢል ሰውየው ላይዋሽ ይችላል፤ ያነበበው በእኛ አቆጣጠር ነው። ቆቡ ላይ 1-1974 የሚል ካለ ግን ጥር 1974 ሳይሆን በእኛ የ1966 ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ ለሚውሉት የፈረንጅ ወራት 8 ዓመት ይቀንሱ፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ለሚውሉት 7። የሻጩ ታሪክ ከቁጥሩ ጋር የሚጋጭበትም ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ጄት ያበርር የነበረው ኤፍ-86 በ1960፣ ኤፍ-5 ደግሞ በ1966 ከገቡ በኋላ ነው። ከ1977 ወዲህ ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጦ የሶቪየቱ ሚግ መጣ። ስለዚህ በ1980ዎቹ የታተመ የኦንታሪዮ ቢላ «የቢሾፍቱ ኤፍ-5 አብራሪ የነበረው» ተብሎ ቢቀርብ ቢላው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወሬው ግን ከቁጥሩ ጋር አልገጠመም። ወረቀት ለሌለው ታሪክ አንዲት ብር አይጨመርም።

ማኅተሙን በቅርብ ለማየት ቆቡን በብርሃን ፊት አዘንብለው ይያዙት። ብረቱ ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ ይህ በፎስፌት የተለበሰ ቆዳው ነው። ፊደሎቹ ሥር ውስጥ ያለው ግራጫ ከዙሪያው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ጠርዛቸውም ከጊዜ ብዛት ትንሽ የለዘበ ይሆናል። የፊደሉ ሥር ከዙሪያው በላይ የሚያበራ ከሆነ፣ ወይም በጠርዙ ላይ በጣት የሚዳሰስ ሹል ከተነሣ፣ ስሙ የተጻፈው በቅርቡ ነው። ከተለያየ ጥልቀት የወጣ ፊደልም ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ነገር ግን ሠራተኛው ማኅተሙን አዘንብሎ የመታባቸው እውነተኛ ቢላዎችም ስላሉ ይህ ብቻውን አይፈርድም።

ቢላው በአሜሪካ ጦር ዕቃ ግምጃ ቤት የሚታወቅበት የዕቃ መለያ ቁጥር 7340-00-098-4327 ነው። ቁጥሩ በማሸጊያው ካርቶንና ወረቀት ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አይፈለግም፤ ማሸጊያው አብሮ ከተገኘ ግን ከቢላው ጋር ይያዝ፣ አይጣል።

ማግኔት ምንም አያረጋግጥም። ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ማግኔት ይዞ ይመጣል። እውነተኛው የካርቦን ብረት ስለሆነ ይይዛል፤ ርካሹ «የማይዝግ» ቅጂም አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። የሚለየው ቆዳው ነው። ፎስፌት ቀዳዳ ያለው ነገር ነው፤ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብታደርጉበት ቀስ እያለ ተዘርግቶ ይጠልቃል፣ ቦታውም ይጠቁራል። ቀለም ወይም የሚያንጸባርቅ ብረት ላይ ጠብታዋ ቁጭ ትላለች። በጥፍር ሲፋቅ ተልጦ የሚነሣ ጥቁር ነገር ቀለም ነው። ሻጩ ፈቅዶ ከሆነ ይህ ምርመራ ምንም ጉዳት የለውም፤ ዘይት ነውና ይጠቅመዋል እንጂ።

ከሁሉ በላይ የሚምታታው ሳንጃ ነው። የኤኬኤም ጠመንጃ ሳንጃም ጀርባው ላይ መጋዝ ስላለው «የአብራሪ» እየተባለ ይቀርባል። ይህን ለመለየት አንድ ትንፋሽ ይበቃል፦ ሳንጃ የጣት መከለያው ላይ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚገባበት ቀለበት አለው። የሩሲያው ብረቱ ላይ ደግሞ ሽቦ ለመቁረጥ ከሰገባው ጫፍ ጋር የሚገጥም ቀዳዳ አለው። የጣሊያን ጊዜ ሳንጃዎችም በዚሁ ቀለበት ይታወቃሉ። ቀለበት ያለው ሁሉ የጠመንጃ አካል ነው፤ የአብራሪ ቢላ ሰብሳቢ ይለፈው።

እጀታው

እጀታው የተሠራው ከተደራረቡ የቆዳ ቀለበቶች ነው፤ በቆቡና በመከለያው መካከል ተጨቁነው ተይዘዋል። ዙሪያውን ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አሉት። የሚፈተነው እንዲህ ነው፦ በአንድ እጅ ብረቱን በጨርቅ ይያዙ፣ በሌላው ቆቡን ወደ ግራና ቀኝ ለማዞር ይሞክሩ። ቆቡ ሊነቃነቅ አይገባም። ቢነቃነቅ ቆዳው ደርቆ ተኮማትሯል ማለት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ይህ የሚብሰው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወራት ነው። ጥቂት መነቃነቅ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ሰም እንጂ መዶሻ አይደለም። ቆቡን ቀጥቅጦ ማጥበቅ ማኅተሙን ያጠፋል፤ የቢላውን መታወቂያ መቅደድ ማለት ነው።

ቀለበቶቹ መካከል ጥቁር ክፍተት ከታየ ሥጋት አለ። እርጥበት በዚያ ገብቶ በእጀታው ውስጥ የሚያልፈውን የብረቱን ጅራት ሳይታይ ይበላዋል። አንዳንድ ጫማ ሰፊ «ልቀይርልህ» ብሎ ለጫማ የሚሆን ለስላሳ ቆዳ ይደረድርበታል። ያ ቆዳ ሲጨቆን ይተኛል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እጀታው እንደገና ይፈታል፤ ቀለሙም ከብረቱ ዕድሜ ጋር አይሄድም። የተጎዳ የራሱ እጀታ ከአዲስ የባዕድ እጀታ ይሻላል።

ሰገባው፣ ማለትም የችግሩ ቤት

ብዙ ገዢ ቢላውን ብቻ አይቶ ይገዛል። የተሟላ ሰገባ ግን ለስብስብ የዋጋውን ሲሶ ያህል ቢወስድ አይበዛበትም። ትክክለኛው ሰገባ ወፍራም ቡናማ ቆዳ ነው፤ ጫፉ ላይ ሹሉ ቆዳውን እንዳይበሳው የብረት ሽፋን አለው። ፊት ለፊቱ ትንሽ ኪስ አለው፣ በውስጡ ግራጫ መሳያ ድንጋይ ይቀመጣል። እጀታውን የሚይዘው ጠፍር ጠቅ ብሎ በሚዘጋ የብረት ቁልፍ ነው። ታች በኩል እግር ላይ የሚታሰርበት ማሰሪያ ያልፋል። ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል፤ በኪሱ ውስጥ የኛን ሰፈር መሳያ ቆርጦ ከትቶ «ከነድንጋዩ» የሚል ሻጭም አለ። የድንጋዩ መጠን ኪሱን ሊሞላው ይገባል። የኪሱ ቆዳ የአሮጌውን ድንጋይ ቅርጽ ይዞ ይደርቃልና አዲሱ ድንጋይ እዚያ ቅርጽ ውስጥ ልክ ካልገባ የሌላ ነው።

አሁን ክረምት አልፎ፣ መስከረም ጠብቶ ቢላው ከሰገባው ሲወጣ የሚታየውን እናንሣ። ከጣት መከለያው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ልክ የሰገባው አፍ በሚያርፍበት ቦታ፣ ብረቱን የሚሻገር ቀይ የዝገት መስመር አለ። ከዚያ ወዲያ ቆዳው የነካበት ሁሉ እንደ ጤፍ ፍሬ በጥቃቅን ነጥብ ተበልቷል። የሰገባው ሪቪቶች ዙሪያ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ወጥቷል፤ ኪሱ ላይ ነጭ ሻጋታ ተኝቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ሳይነካው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐይቁ አፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ቆዳ እርጥበትን ከአየር ይስባል፣ ይይዛል። በቅጠልና በልጥ የለፋ ቆዳ ደግሞ በውስጡ አሲድ አለው። እርጥበትና አሲድ ተባብረው የካርቦን ብረትን ይበሉታል፤ ሰገባው የተሠራው ቢላውን ይዞ ለመሄድ እንጂ ለማከማቸት አይደለም። አረንጓዴውም ቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ከመዳብና ከናስ ጋር ሲዋሐድ የሚወጣ ነው።

ስለዚህ ቢላና ሰገባ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ አይደሩ። ቢላው በስፌት መኪና ዘይት እምብዛም ሳይርስ ይታበስ፤ ጨርቁ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ለአንድ ቢላ ይበቃል። ከዚያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል። ፌስታል ውስጥ አያስገቡት፤ ፌስታል ላቡን ይይዛል። ጫማና ቦርሳ ሣጥን ውስጥ የምትገኘዋን የሲሊካ ጄል ከረጢት ሁለት ሦስቱን በክዳን ሣጥን ውስጥ አብረው ያኑሯቸው። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንዴ ተገልጦ ይታይ። ቢላውን ያነሣ ሁሉ ከማስቀመጡ በፊት ይጥረገው፤ የጣት ላብ ጨው ነው፣ በማግሥቱ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ይተዋል።

ሻጋታ ያደረበት ሰገባ መጀመሪያ ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ዱቄቱ ቤት ውስጥ ከተበተነ ሌላ ቆዳ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ 70 በመቶ የሆነ የሕክምና አልኮል በጥጥ ጨርቅ ነክሮ፣ ጨምቆ ማበስ። ቀለም ሊያነሣ ስለሚችል መጀመሪያ ጀርባው ላይ ይሞከር። ከዚያ ጥላ ሥር ሁለት ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቆዳውን ያሰነጥቀዋል። በመጨረሻ ሰም ይቀባል፦ አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም፣ ሦስት እጅ ቫዝሊን። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡት፤ ጣሳውን የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ይቅለጥ፣ ይቀላቀል፣ ይቀዝቅዝ። በጣት በስሱ ይቀባ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትርፉ ይታበስ። የንብ ሰም በዚህ አገር አይቸግርም፤ እውነተኛ ጧፍም ይሆናል፣ የሻማ ሰም ያልተቀላቀለበት ከሆነ። ለእጀታውም ይኸው ነው።

ቅቤ አይቀባም። ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ይሸታል፣ ለሻጋታም ምግብ ይሆናል፣ አይጥም ይጠራል። የኑግ ዘይትም አይሆንም፤ ሲቆይ ይወፍርና እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ሎሚ ነው። ዝገት ያየ ሰው ወዲያው ሎሚ ቆርጦ በአመድ ያሻሻዋል፤ አንዳንዱ ኮካ ኮላ ውስጥ ያሳድረዋል። ዝገቱ በርግጥ ይለቃል። አብሮት ግን ያ ግራጫ የፎስፌት ቆዳ ይለቃል፣ አሲድ ሁለቱን አይለይምና። ቢላው ነጭ፣ የሚያበራ ሆኖ ይወጣል፤ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ የስብስብ ዋጋው ግን በዚያ ሌሊት ሞቷል። ባዶው ብረትም ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነት ይዝጋል።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝገቱ ላይ ዘይት ያኑሩ፤ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ከብረቱ የለሰለሰ ነገር ወስደው በጥንቃቄ ይፋቁ፦ የቀንድ ስብራት በጣም ጥሩ ነው፣ የናስ ቁራጭም ይሆናል። ቀዩ ዱቄት እየተነሣ በጨርቅ ይጠረግ፤ እንደገና ዘይት፣ እንደገና አንድ ቀን። ሦስት አራት ዙር ሊወስድ ይችላል። ቀዩ ሄዶ ጥቁር ነጥብ ቢቀር እዚያ ላይ ይቁም። ጥቁሩን ለማጥፋት ብርጭቆ ወረቀት ማንሣት ጥሩውን ብረት መብላት ነው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦም ጭረት ይተዋል፣ አይጠቀሙበት።

ስለት

ያልተሳለ፣ የፋብሪካ ስለቱን የያዘ ቢላ ካገኙ አይንኩት። ያ ሻካራ የፋብሪካ ስለት ራሱ ማስረጃ ነው።

ለሥራ የሚሆነውን ግን መሳል ይቻላል፤ ጥሩ ይሳላል። ኦንታሪዮ የተጠቀመበት 1095 የሚባለው የካርቦን ብረት ነው፤ ለድንጋይ ታዛዥ ነው። በየጎኑ 20 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይበቃዋል፤ ይኸውም ቢላው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ጀርባው በአንዲት የትንሿ ጣት ውፍረት ከፍ ሲል ነው። ድንጋዩ በውኃ ወይም በዘይት ይራስ። ከመከለያው ወደ ሹሉ እየተሳበ በአንድ ጎን 15 ያህል፣ በሌላው 15። ከስለቱ ማዶ በጣት የሚዳሰስ ስስ ሽርክት እስኪነሣ ይደገም፤ ከዚያ በቀላሉ እያፈራረቁ እስኪጠፋ።

መንገድ ዳር በሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ ለሚስል ሰው ግን አይስጡት። እሳት ሲፈነጥቅ የሚያዩት ነገር ሙቀት ነው። ስሱ ጠርዝ በሴኮንዶች ውስጥ ወደ 300 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ሰማያዊው የታየበት ብረት ጥንካሬውን አጥቷል፤ ቢስሉት ይሳላል፣ ሁለት ሽንኩርት ሳይከትፍ ይደነዛል። አሮጌ ቢላ ሲገዙ በስለቱ ርዝመት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ጥላ ቢያዩ ይህ ደርሶበታል፤ ዋጋው በዚያው ይውረድ።

ሐይቁ ላይ

ቀረሶ ለመገንጠል ይህ ቢላ አይመከርም። 5 ሚሊሜትር የሚጠጋ ጀርባ ያለው ብረት ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ አይልጥም፤ ይገፋዋል። የአምባዛ ራስ ለመለየት ግን ክብደቱ ይረዳል፣ በቆቡም መምታት ይቻላል። የተጠላለፈ የናይሎን መረብ ወይም የጀልባ ሞተር ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ገመድ ለመቁረጥ አስተማማኝ ነው፤ አጭር፣ ጠንካራና በእርጥብ እጅ የማያዳልጥ ነውና። የደንገል ሥራ የማጭድ ነው፣ ታንኳ ሠሪ ይህን ቢላ ምን ያደርገዋል።

መጋዙ እርጥብ እንጨት ላይ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ገብቶ ይታነቃል። ጥርሶቹ እንደ እንጨት መጋዝ ወደ ግራና ቀኝ አልተከፈቱም፤ ፍርፋሪውን የሚያወጡበት ቦታ የላቸውም። ቆርቆሮ ላይ ግን ይሄዳሉ። ቢላውን እንጨት ላይ አስሮ ጦር ማድረግም በተግባር አይመከርም፤ ሹሉ ከድንጋይ ጋር ከተገናኘ ይሰበራል፣ ማሰሪያው ከላላም ይጠልቃል። ጣና አንዳንድ ቦታ እስከ 14 ሜትር ይጠልቃል፣ ውኃውም ድፍርስ ነው፤ የወደቀ ቢላ አይገኝም። የመከለያው ቀዳዳዎች ትልቁ ጥቅማቸው እዚህ ነው፦ በአንዱ ቀጭን ገመድ አሳልፎ ከጀልባው ጋር ማሰር። ከውኃ ሲመለሱ ቢላውም ሰገባውም ተለያይተው ይድረቁ።

ሌሎቹን የአብራሪ ቢላዎች በአጭሩ። ብርቱካን እጀታ ያለው፣ ተጣጥፎ በቁልፍ የሚፈነጠረው የአሜሪካኖቹ ኤምሲ-1 የፓራሹት ገመድ መቁረጫ መንጠቆ አለው፤ ቆንጆ ዕቃ ነው፣ ሲገዙ ግን ፈንጣሪው ሞላ መሥራቱን አሥር ጊዜ ከፍተው ዘግተው ያረጋግጡ። የጀርመኑ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ቢላ ቁልቁል ሲያዙት በራሱ ክብደት የሚወጣ ነው፤ ቅጂው ስለበዛ ለጀማሪ አይሆንም። የእንግሊዞቹ ዓይነት «ዲ» እንደ ገጀራ ሰፊና ከባድ ነው። ሶቪየቶች ለአብራሪዎቻቸው የነፍስ አድን ሣጥን ውስጥ ያስገቡት ገጀራ ነበር።

በርቀት፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ሻጭ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት እነዚህን ፎቶዎች ይጠይቅ፦ ቆቡ ከፊት ለፊት፣ ጥላ በሌለበት የቀን ብርሃን፤ ብረቱ በሁለቱም ጎን ከማስመሪያ ጋር፤ ጀርባው ከላይ፣ ጥርሶቹ እንዲቆጠሩ፤ እጀታው በጎን፤ ሰገባው ከፊት፣ ከኋላና ጫፉ፤ ድንጋዩ ከኪሱ ወጥቶ። የመጨረሻዋ ፎቶ የሰገባው አፍ በሚያርፍበት ቦታ ያለው ብረት ትሁን፤ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሻጩ ሌላውን ሁሉ ልኮ ያቺን ብቻ ካስቀረ ዋጋ አይቁረጡ፣ መጀመሪያ እሷ ትምጣ። አምጪው በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ ስለት በእጅ ሻንጣ አይገባምና ጫፉ በካርቶን ተሸፍኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ይላክ፤ ሰገባውም ለብቻው ይጠቅለል።